ለድሮ የክፍል ጓደኞቼ ምን ልልበስ?

ከገና በፊት ባሉት ሳምንታት የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ ስለ አበሻ ቀሚስ ናቸው። ዘንድሮ ግን ሌላ ጥያቄ በዛ። ውጭ የሚኖሩ ሰዎች ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት ሲገቡ፣ የድሮ ተማሪዎች ቀኑን ጠብቀው ይገናኛሉ። ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ይከፈታል፣ ኮሚቴ ይመረጣል፣ መዋጮ ይሰበሰባል። ከዚያ አንድ ማታ ሰው ቁም ሣጥኑን ይከፍትና ጭንቅ ይይዘዋል። ለዛሬ ሦስት ደብዳቤዎች መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ሰፋ አድርጌ እቆያለሁ። እዚያ ውስጥ ያለው ጭንቀት የብዙዎቻችሁ ነውና።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ43 ዓመት ሴት ነኝ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ አንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። 12ኛ ክፍልን የጨረስኩት በ1992 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ጓደኞቻችን “25 ዓመት አለፈን እኮ” ብለው ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ ሊያገናኙን ነው። ጠዋት ትምህርት ቤቱ ግቢ እንገባለን፣ መምህሮቻችንን እናመሰግናለን፣ ፎቶ እንነሳለን። ኮሚቴው የትምህርት ቤቱ ዓርማ ያለበት ነጭ ቲሸርት አሠርቷል። ምሳ አዳራሽ ውስጥ ነው። ከዚያ ቡና፣ ሙዚቃ፣ እስከ ማታ።

ሦስት ልብስ አውጥቼ አልጋው ላይ ዘርግቻለሁ። አንዱ እህቴ ከአሜሪካ የላከችልኝ ጥቁር ቀሚስ ነው። መለያ ወረቀቱ እንኳን አልተቆረጠም። ቆንጆ ነው፣ ግን ዚፑ ሲዘጋ ትንሽ ያስጨንቀኛል። ሁለተኛው የመልሴ ቀሚስ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ጥበብ የሆነ ፈትል። ሦስተኛው ለሥራ የምለብሰው ግራጫ ኮትና ሱሪ ነው። ባለቤቴ “አዲስ ግዢ” ይላል። ልጄ “ማሚ፣ ጥቁሩን” ትላለች። እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔ መቅረት ሁሉ አምሮኛል። ከተማሪነቴ 20 ኪሎ ጨምሬአለሁ። ግማሾቹ የሚመጡት ከአሜሪካና ከአውሮፓ ነው። ያኔ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ አንገቷ ላይ ሁልጊዜ ቢጫ ሻርፕ የምታስር ልጅ ነበርኩ። አሁን ሲያዩኝ ምን ይላሉ?
ከገርጂ

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። እንዳትቀሪ። ለእንዲህ ዓይነት ቀን ልብስ የሚያሰፉ ብዙ ሴቶች እኔ ጋ ይመጣሉ። ልኬት ስወስድ ጭንቀታቸውን እሰማለሁ፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ ደግሞ ወሬውን ይዘውልኝ ይመጣሉ። ወሬው ታዲያ ስለ ልብስ አይደለም። የኬሚስትሪ መምህራችን በስሜ ጠራኝ፣ እገሊት ዛሬም እንደዚያው ነው የምትስቀው፣ ከኋላ ወንበር የማይነሳው ልጅ ሐኪም ሆኗል፣ እገሌ አርፏል፣ ይሉኛል። ይህን ሁሉ ልብስ ሰበብ ሆኖ እንዲያስቀርብሽ አልፈልግም። የምመልስልሽም መሄድሽን እንደቆረጥሽ አድርጌ ነው።

በደብዳቤሽ ውስጥ በአንድ መስመር ያለፍሽው ትልቅ ነገር አለ። ቲሸርቱ! ኮሚቴው ቲሸርት ካሠራ ጠዋት ላይ ሁሉም የሚያጠልቀው እሱን ነው። ቀሚስ ላይ ቲሸርት ሲደረብ ወገብ ላይ ይሰበሰባል፣ ሆድ የሌለውን ሰው ሆድ ያወጣለታል። በዚያ ላይ ለዘመናት የሚቀረው ፎቶ የጠዋቱ ነው፤ መምህራኑ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሌላው ከኋላ በረጅሙ ተሰልፎ የሚነሳው። ስለዚህ ቀኑን የሚይዝልሽ ከወገብ በታች የምትለብሺው ነው። ልክ የሆነ ሱሪ ወይም ጉርድ ቀሚስ ካለሽ የላዩን እንደ ሰዓቱ ትቀይሪያለሽ። ሙሉ ቀሚስ ግን እንዲህ አይከፋፈልም።

እንግዲህ ሦስቱን በዚህ ዓይን እንያቸው።

ጥቁሩ ቀሚስ ዚፑ ሲዘጋ ያስጨንቀኛል ብለሻል። የሞከርሽው ቆመሽ መሆን አለበት። እዚያ ግን ትቀመጫለሽ፣ ትበያለሽ፣ ጎንበስ ብለሽ ጉርሻ ትቀበያለሽ። ቆመው ሲለብሱት የሚጨንቅ ልብስ ሲቀመጡበት ያፍናል። “ላስፋው” ካልሽ መጀመሪያ ገልብጠሽ የጎኑን ስፌት እዪ። ከፋብሪካ ተሰፍቶ የሚመጣ ልብስ ከስፌቱ ወዲያ የሚተርፈው ጨርቅ በጣም ትንሽ ነው። ጠርዙም በኦቨርሎክ ተከርክሟል። የሚለቀቅ ነገር ከሌለ ማንም ልብስ ሰፊ ተአምር አይሠራልሽም። ሠፈር ውስጥ በልክ የተሰፋ ልብስ ቢሆን ኖሮ ሰፊው አውቆ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይተውልሽ ነበር። ከጎን ጨርቅ መጨመርም አለ። ጥቁርን ከጥቁር ጋር ማመሳሰል ግን ከባድ ነው። ሱቅ ውስጥ አንድ የሚመስሉ ሁለት ጥቁሮች ፀሐይ ላይ ሲወጡ አንዱ ወደ ቡኒ፣ አንዱ ወደ ሰማያዊ ያደላሉ።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ጌጥ የሌለው ሙሉ ጥቁር እኛ አገር ከል ነው። 25 ዓመት ያላየሽ ሰው ገና ከበሩ “ምነው፣ ማን ሞተብሽ?” ይልሻል። ስለ ልብስሽ ማስረዳት ስትጀምሪ ደስታሽ ይቀዘቅዛል። ቀሚሱን ለእራት ግብዣ አስቀምጪው፤ እህትሽ በፍቅር ነው የላከችው፣ ቀኑ ይመጣል።

የመልስሽ ቀሚስ የተሸመነው ሙሽራ ሆነሽ መሃል እንድትቀመጪበት ነው። ሙሉ ጥበብ ከባድ ነው፣ ይሞቃል። ጠዋት ቲሸርት አይደረብበትም። ምሳ ላይ ሰፊ እጅጌ ወጥ ውስጥ ይገባል። ነጭ ፈትል ላይ ያረፈ የዶሮ ወጥ ዘይት ደግሞ መቼም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ሰላምታችንም በመሳሳም ነው፤ የዚያ ሁሉ ሰው ፓውደርና የከንፈር ቀለም ትከሻሽ ላይ ያድራል። “ባሳጥረውስ?” ብለሽ እንዳታስቢ። ምናልባት አንድ ቀን ማሳጠር ግድ ከሆነም፣ ከወገቡ ተፈትቶ ነው እንጂ ከታች አይቆረጥም። የታችኛው ጥበብ በሸማኔው እጅ ከጨርቁ ጋር አብሮ የተሠራ ነው፤ ተቆርጦ ተመልሶ ሲለጠፍ ያስታውቃል።

ነጠላውን ግን አውጪው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ግራጫው ኮትና ሱሪ፣ ይኼ ነው ልብስሽ። የቢሮ ልብስ ስለሆነ ለደስታ ቀን የሚያንስ መስሎሽ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን በተቃራኒው ነው የማየው። ሰውነትሽ ያውቀዋል። የት ጋ እንደሚይዝ፣ የት ጋ እንደሚለቅ ሳታስቢው ትንቀሳቀሺበታለሽ። ለአዲስ ልብስ ልታወጪው ያሰብሽውን ገንዘብ ግማሹን እንኳን እሱን ለማስተካከል ብታወጪው ሌላ ልብስ ይሆናል። ይህን ለአንቺ ብቻ ብዬ አይደለም። ሰው ልብስ ለመግዛት እንጂ ለማስተካከል ገንዘብ ማውጣት አይወድም። አንድ ተራ ሱሪ በልክ ሲሆን ግን ውድ ሱሪ ይመስላል። ውድ ሱሪ ልክ ካልሆነ ደግሞ የተዋሱት ይመስላል።

ልብስ ሰፊ ጋ ስትሄጂ የዚያን ቀን ጫማሽን ይዘሽ ሂጂ። የሱሪ ቁመት ያለ ጫማ አይለካም። ወገቡ ከያዘሽ ሱሪ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ መሃል ላይ ትርፍ ጨርቅ አለው፤ እዚያ ይለቀቃል። ካልበቃ ከጎንና ከጎን ትንሽ ላስቲክ ይገባበታል፤ ከላይ ልብስ ስለሚሸፍነው አይታይም። ጉልበቱና መቀመጫው አብረቅርቆ ከሆነ፣ እርጥብ ጨርቅ ከላይ አድርገሽ በእንፋሎት ተኩሺው። ብረቱ በቀጥታ አይንካው። ኮቱ ላይ ያሉትን ቁልፎች አስቀይሪ። ከቁልፍ ርካሽ ነገር የለም፤ የልብስን መልክ እንደሱ የሚቀይር ግን ጥቂት ነው። ጥቁር ፕላስቲኩን አውጥተሽ ከግራጫው ጋር የሚሄድ የቀንድ መልክ ያለው ቡኒ ብታደርጊበት የሥራ ባልደረቦችሽ እንኳን አዲስ ገዛሽ ይሉሻል።

ጠዋት ላይ እንግዲህ ግራጫ ሱሪ፣ ነጩ ቲሸርት፣ ከላይ ኮቱ። ቲሸርቱን ከሚያስፈልግሽ አንድ ቁጥር ከፍ አድርገሽ ውሰጂ፤ ጥጥ ከሆነ ሲታጠብ ይገባል። ከመልበስሽ በፊት እጠቢው። የስም ካርድ በመርፌ ቁልፍ የሚሰካ ከሆነ ኮቱ ላይ ስኪው፤ ስስ ጨርቅ ላይ ከተሰካ ቀዳዳው አይጠፋም።

ለከሰዓቱ አንድ ነገር አሰፊ። አንድ ብቻ። እጅጌ ያለው ሸሚዝ። ከመርካቶ ጥሩ ጨርቅ ሁለት ሜትር ይበቃሻል። ጥጥ ወይም ጥጥ የበዛበት ምረጪ። አንሸራታች ፖሊስተር አዳራሽ ውስጥ ስትጨፍሪ ላብ ያሳያል። እጅጌው ከክርን ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቁም። እጅሽን ስትታጠቢ አትሰበስቢውም፣ ስትበዪም ወጥ አይነካም። አንገቱ በቪ ቅርጽ ትንሽ ይከፈት፤ አንገትን ያስረዝማል። ጉርሻ ለመቀበል ጎንበስ ስትዪ ግን እንዳይከፈትብሽ መስታወት ፊት ጎንበስ ብለሽ ሞክሪው። ትከሻውን ደግሞ አደራ። መጨረሻ ላይ እስክስታ መኖሩ አይቀርም። ልብስ ሰፊሽ ፊት ትከሻሽን አንቀጥቅጪው፣ አትፈሪ። ጀርባው ከያዘሽ እዚያው ይስተካከል።

ቀለሙን አንቺ ነሽ የምታውቂው። እኔ ብሆን ግን ረጋ ያለ ጥቁር ሰማያዊ ወይም የወይን ጠጅ ቀለም አድርጌ፣ ቢጫውን ለአንገቴ እተወው ነበር። ስለ ቢጫ ሻርፕሽ ያነሳሽው ዝም ብሎ አይመስለኝም። ዩኒፎርም ሁላችንንም አንድ ያደርገን ነበር ይባላል። እስቲ ወደ ኋላ አስቢ። አንዷ ሹራቧን ወገቧ ላይ ታስረዋለች። ሌላው የሸሚዙን ኮሌታ ያቆማል። አንዷ ሹሩባዋን ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ነበር የምታዞረው። ያን ሁሉ ልጅ ከሩቅ የምንለየው በእነዚህ ነበር። የራስ አለባበስ የሚባለው እሱ ነው። ገንዘብ ሳይኖርሽ፣ ሌላ ምርጫ ሳይኖርሽ፣ በተፈቀደልሽ ጥቂት ነገር አንቺን ያሳየሽበት። ስለዚህ ቢጫ ሻርፕ ግዢ። የድሮው ይኑርሽ አይኑርሽ ግድ የለም። ከፊት ቀለምሽ ጋር የሚሄደውን ቢጫ ቀን ብርሃን ላይ አውጥተሽ ምረጪ። አንዳንዱ ቢጫ ፊት ያገረጣል፤ ወደ እርድ የሚያደላው ግን ለብዙዎቻችን ይሆናል።

የዛሬውን አለባበስሽን ለማወቅ ደግሞ ስልክሽን ክፈቺ። ያለፈውን አንድ ሁለት ዓመት ፎቶ እዪ። ደስ ብሎሽ የተነሳሽውን፣ “ይቺ ላይ ደህና ነኝ” ያልሽባቸውን ለይ። ምን ለብሰሽ ነበር? ብዙ ሴቶችን ይህን አስደርጌ አይቻለሁ። አንድ ቀለም ይደጋገማል፣ አንድ የአንገት ቅርጽ ይደጋገማል። መጽሔት ላይ የምናወጣው የዓመቱ ፋሽን ይህን አይነግርሽም።

ስለ 20 ኪሎው። እህቴ፣ ሁለት ልጅ ወልደሻል፣ 25 ዓመት ኖረሻል። በ17 ዓመቱ የነበረውን ሰውነት ይዞ የሚመጣ አንድም ሰው እዚያ አይኖርም። ፀጉሩ የሄደ ወንድ ይኖራል፣ መነጽር ያደረገች ትኖራለች፣ ከበሽታ የተረፈ ይኖራል። ልብስ ለዛሬው ሰውነት ነው የሚሰፋው። “እስከ ጥር እቀንሳለሁ” ብለሽ ጠባብ እንዳታሰፊ። ቀነስሽም አልቀነስሽም፣ እነዚያን ሳምንታት ልብሱን እየፈራሽ ታሳልፊያለሽ። በሰፊ ልብስ መደበቅም አይጠቅምም። ትከሻው የወደቀ ሰፊ ልብስ ሰውን ከእውነቱ በላይ ያገዝፋል። ትከሻ ላይ ልክ ይሁን፤ ከደረት በታች ሳይጣበቅ ይውረድ። ይኸው ነው።

ከውጭ ስለሚመጡት ደግሞ ይህን ልንገርሽ። ከእነሱም ደብዳቤ ይደርሰኛል። እነሱም “አገር ቤት ያሉት አምረው ይመጣሉ፣ እኔ ምን ልልበስ?” ነው የሚሉኝ። አብዛኞቹ በጂንስና በስኒከር ነው የሚመጡት። ስለዚህ ከማንም ወርቅ እንዳትዋሺ፣ ከጎረቤት ቦርሳ እንዳትለምኚ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። እኔ ደግሞ በሥራዬ ያየሁትን ልጨምርልሽ። የተዋሰ ሰው እጁ እረፍት የለውም። ቀኑን ሙሉ ሐብሉን ይነካል፣ ቦርሳውን ያያል። እጅሽ ሰው ለማቀፍ ነው የሚያስፈልግሽ።

ለዚያም ነው ቦርሳሽ ትንሽ፣ በትከሻ ተሻግሮ የሚንጠለጠል ይሁን የምልሽ። የጆሮ ጌጥሽም ረጅም አይሁን፤ ስትሳሳሚ የሰው ነጠላና ፀጉር ይይዛል። የትምህርት ቤት ግቢ ጠጠርና ኮብልስቶን ነው። ቀጭን ታኮ ሁለቱንም አይወድም። ታኮ ካማረሽ ወፍራሙን አድርጊ።

አሁን ወደ ነጠላው። የጥር አዲስ አበባ ቀን ላይ ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ ማታ ደግሞ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ሙዚቃው ካለቀ በኋላ ደጅ ቆሞ መሰነባበቱ ይረዝማል፤ “ቁጥርሽን ስጪኝ”፣ “ጠፍተሽ እንዳትቀሪ” ይባባላል። ያን ጊዜ የመልስሽን ነጠላ ከኮቱ ላይ ጣል አድርጊው። ቀን ላይም ያስፈልግሻል። በእንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ያለፉት ጓደኞችና መምህራን ስም ይነሳል፣ ሰው ተነስቶ በጸሎት ያስባቸዋል። ለዚያ ሰዓት ነጠላ በእጅሽ መኖሩ ጥሩ ነው። ጥለቱን ስትተኩሺ ከጀርባው በኩል፣ ለብ ባለ ብረት ይሁን። አብረቅራቂው ክር አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሠራሽ ነው፤ የጋለ ብረት ያቀልጠዋል።

ከቀኑ አንድ ሳምንት በፊት ሁሉንም፣ ጫማውንም ጭምር፣ ለብሰሽ ግማሽ ቀን ዋይበት። ገበያ ሂጂበት፣ ታክሲ ውስጥ ግቢበት፣ ምሳ ብዪበት። የሚያሳክክ፣ የሚይዝ፣ የሚወርድ ካለ ያን ቀን ታገኚዋለሽ። ለማስተካከልም ሳምንት አለሽ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 71 ነው። ፊዚክስ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። በ1980ዎቹ ያስተማርኳቸው ልጆች ሊገናኙ ነውና የክብር እንግዳ ሁን ብለው ጠሩኝ። ሴት ልጄ አዲስ ሙሉ ልብስ ካልገዛሁልህ ትላለች። እኔ ደግሞ ቡኒ ኮት አለኝ፤ ብዙ ዓመት ያስተማርኩበት ነው። ገበሩ ተቀዷል እንጂ ጨርቁ ሱፍ ነው፣ ምንም አልሆነም። ከሰሌዳው ፊት የምለብሰው ነጭ ጋዋንም እስካሁን አለ። አንቺ ዳኚን።
ከደሴ

መልስ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ሳነብ በጣም ደስ አለኝ። እኔ ለኮቱ እፈርዳለሁ። ተማሪዎችዎ ከበሩ ሲገቡ በዓይናቸው የሚፈልጉት የሚያውቁትን ሰው ነው። ቡኒውን ኮት ከሩቅ ሲያዩ “መምህር መጡ!” ይላሉ። አዲስ ጥቁር ሙሉ ልብስ ውስጥ ከገቡ ግን ከተጋባዥ ባለሥልጣን ጋር ያሳስቱዎታል።

ኮቱ ግን እንዳለ አይለበስም። ልጅዎም እውነት አላት። ጥሩ የወንድ ልብስ ሰፊ ጋ ይውሰዱትና ገበሩን ሙሉ በሙሉ ያስቀይሩ፤ የተቀደደውን ብቻ አያስጥፉ፣ አሮጌው ከጎኑ መልሶ ይቀደዳል። ሱፍ ጨርቅ ደህና እስከሆነ ድረስ አዲስ ገበር ሲገባለት ኮቱ ሌላ ብዙ ዓመት ይሄዳል። በዕድሜ ትከሻ ትንሽ ይወርዳል፣ ሰውነትም ይቀላል። ስለዚህ ለብሰውት ይለኩ። ትከሻው ካለፈ ውስጡ ያለው ስፖንጅ በትንሹ ይቀየር፣ እጅጌው ከእጅ አንጓዎ ላይ ይቁም። ትከሻውን ራሱን ፈትቶ ማጥበብ ከባድ ሥራ ነው፤ “ቀላል ነው” የሚልዎትን ሰፊ አይመኑ። ክርኑ ከሳሳ ቡኒ ቆዳ ይለጠፍበት፣ ለመምህር ያምራል። ቁልፎቹ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁኑ።

ልጅዎ ልግዛ ካለች እምቢ አይበሏት። ሸሚዙን፣ ሱሪውንና ጫማውን እሷ ትግዛ። ነጭ ወይም ቀለል ያለ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ጥቁር ቡኒ ሱሪ፣ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ። የሸሚዙን ኮሌታ ቁጥር ዛሬ አስለክታ ትግዛ፤ የድሮ ቁጥርዎ ዛሬ አንገትዎ ላይ ይሰፋል። የደሴን ብርድ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ከኮቱ ሥር እጅጌ የሌለው ሹራብ ቢደርቡበት ጥሩ ነው፤ ሲለኩም ሹራቡን ለብሰው ይለኩ።

ጋዋኑን ያጥቡት፣ ይተኮስ፣ ታጥፎ በእጅዎ ይሁን። ለብሰው አይግቡ። ልጆቹ ወደ ድሮ ክፍላቸው ይዘውዎት መግባታቸው አይቀርም። ሰሌዳው ፊት ሲደርሱ ኮቱን ለልጅዎ ይስጧትና ጋዋኑን ያጥልቁ። ያን ጊዜ የሚነሳው ፎቶ ለእነሱም ለእርስዎም ትልቅ ነገር ነው። ጠመኔ ከቤት ይያዙ፤ ክፍሉ ውስጥ ላይገኝ ይችላል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። በጁላይ መጀመሪያ፣ በሰሜን አሜሪካ በሚካሄደው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስና የባህል ፌስቲቫል ሰሞን፣ የድሮ ትምህርት ቤት ጓደኞቼ የእራት ግብዣ አዘጋጅተናል። እናቴ ከሽሮ ሜዳ ቀሚስ አሠርታ ልትልክልኝ ነው። ምን ዓይነት ልዘዛት? ልኬንስ በምን ልስጣት?

መልስ፦ የኔ ቆንጆ፣ ጥሩ ጊዜ ላይ ጠየቅሽኝ። ፌስቲቫሉ ከ1984 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ ሰውን ሲያገናኝ የኖረ ነው፤ በዚያ ሰሞን ከየስቴቱ የሚመጣ የድሮ ጓደኛ አይጠፋም። ጁላይ እዚያ ሙቀቱ ወበቅ አለው። ወፍራም ፈትልና ከላይ እስከ ታች ጥበብ አታዝዢ። ክሩ የሳሳ ሸማ፣ ጥበቡ አንገቱና እጅጌው ላይ ብቻ የሆነ፣ ቁመቱ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ያለ ይሻልሻል። አዳራሹ ውስጥ ማቀዝቀዣው ስለሚበረታ ነጠላው እዚያ ይጠቅምሻል።

እናትሽ የምትሄደው ከጥምቀት በኋላ ይሁን። ከገና በፊትና ከፋሲካ በፊት ሽሮ ሜዳ መላወሻ የለውም፤ ሥራውም ይጣደፋል። ብዙዎቹ ሸማኔዎች ከጋሞ ደጋ የመጡ፣ ሙያውን ከአባቶቻቸው የወረሱ ናቸው። ጊዜ ካገኙ እጃቸው ላይ የሚወጣው ሥራ ሌላ ነው። ጨርቁ በእጅ በሚወረወር መወርወሪያ ስለሚሸመን ወርዱ ጠባብ ነው፤ ቀሚሱ ላይ መጋጠሚያ ስፌት ይኖራል። እናትሽ መጋጠሚያው ጎን ላይ እንዲውል ትንገራቸው። ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ውኃ ቢነካ ጥሩ ነው፤ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይገባል።

ልኩን በስስ ልብስ ላይ ሆነሽ፣ ሰው አስለክተሽ ስጪ። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ። ከትከሻ ጫፍ እስከ ትከሻ ጫፍ በጀርባ በኩል። ከአንገት ሥር እስከ ወገብ፣ ከወገብ እስከሚቆምበት ድረስ። እጅጌውን ክርንሽን አጥፈሽ ተለኪ። የክንድሽን ውፍረትም አትርሺ፤ ከውጭ ታዝዘው የሚሰፉ ቀሚሶች አብዛኞቹ የሚይዙት እዚያ ጋ ነው። ቁመቱን ስትለኪ የእራቱን ቀን ጫማ አድርጊ። ሁሉንም በሴንቲ ሜትር ጻፊው፤ ኢንች የሚለካ ሜትር ካለሽ ቀይሪው። ለእናትሽ ከመላክሽ በፊት ደግሞ ሌላ ሰው አንድ ጊዜ ይድገመውና ቁጥሮቹ ካልተገጣጠሙ እንደገና ተለኪ።